ለተዘጋ በር የተሰጠ ሽልማት

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበር። ስሙ ልየው ይባላል። ደንገዛ የምትባለውን የቆላ ወረዳ እንዲመራ ሲሾም ገና ጎልማሳ ነበር፤ ሥራ የሚወድ፣ እጁ ንጹሕ፣ ጠዋት ከዘበኛው ቀድሞ ቢሮው የሚደርስ ሰው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች አንዱ ሲሚንቶ፣ ሌላው የእርዳታ ስንዴ አጉድለው ነበር የሄዱት። ስለዚህ ልየው ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ማግስት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «በእኔ ዘመን በዚህ ወረዳ አንዲት ሚስማር ያለ እኔ ፊርማ አትንቀሳቀስም» አላቸው።

እንዳለውም አደረገ። መምህር ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ነርስ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ፣ የውሃ ሠራተኛ መለዋወጫ ሲጠይቅ፣ ጥበቃ ሲቀጠር፣ ሁሉም ነገር ወደ እርሱ ጠረጴዛ መጣ። ክቡን ማኅተም ከጸሐፊዋ ወስዶ በራሱ መሳቢያ ቆለፈበት፤ የመሳቢያውም ቁልፍ ከኪሱ አይለይም። ባለጉዳይ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ይኮለኮላል። ልየው ያን ሰልፍ ሲያይ አይከፋውም ነበር። እንዲያውም የወረዳውን ሸክም ሁሉ ብቻውን መሸከሙን ሲያስብ ልቡ ሞቅ ይለው ነበር።

ስለ ሠራተኛም የራሱ እምነት ነበረው። ሰው የሚሠራው ወይ ሲፈራ ወይ ሲሸለም ነው ብሎ ያምናል። በመሆኑም አጥፊን ሳይውል ሳያድር ይቀጣል፤ በየዓመቱ ደግሞ በወረዳው አዳራሽ የኮከብ ሠራተኞች በዓል ያዘጋጃል። ማን እንደሚሸለም የሚወስነው ራሱ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ የሚሸለሙት ከዓይኑ የማይርቁት ነበሩ፤ በየገጠሩ የሚንከራተቱትን ማን አይቷቸው!

ከወረዳው ከተማ ወዲያ ሰንሰል የሚባል ወንዝ አለ። ድልድይ የለውም። ክረምት ሲሞላ ቀጨሞ የተባለውን ቀበሌ ከወረዳው ይቆርጠዋል። ለዚህ ሲባል በቀጨሞ የአደጋ ጊዜ መጋዘን ተሠርቶ መድኃኒት፣ የውሃ ማከሚያ፣ ሸራ፣ ብርድ ልብስና እህል ይቀመጥበት ነበር። ጠባቂዋ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ክረምት ዐውሎ ነፋስ የብዙውን ሰው ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ጥሩወርቅ ማንንም ሳታስፈቅድ መጋዘኑን ከፈተችና ሸራውን ለአራሶችና ለደካሞች አደለች። ወንዙ ጎድሎ ወሬው ሲደርሰው ልየው አስጠራት።

«ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

«ዝናቡ ነዋ» አለች ጥሩወርቅ።

ልየው ይህን መልስ እንደ ድፍረት ቆጠረው። ከሥራ አባረራትና በቦታዋ ይርሳው የሚባል ሰው ተካ። ይርሳው ድምፁ የማይሰማ፣ የታዘዘውን የሚፈጽም፣ ልጆቹን ለማሳደግ ደፋ ቀና የሚል ሰው ነው። ቁልፉን ሲያስረክበው ልየው እንዲህ አለው፤ «ስማኝ ይርሳው። ፊርማዬንና ማኅተሜን ካላየህ ይህን በር አትከፍትም። እኔ ራሴ መጥቼ በቃል ባዝህ እንኳ እንዳትከፍት!»

ይርሳው አልከፈተም። ዓመቱ አልቆ ኦዲተሮች ሲሄዱ መጋዘኑን እንደተሞላ አገኙት፤ ብርድ ልብሱ እንደታሰረ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ። ልየው በጣም ደስ አለው። በዚያ ዓመት በዓል ላይ ይርሳውን መድረክ ላይ አወጣና፣ «የዓመቱ ኮከብ! ከመጋዘኑ አንዲት ነገር ያልወጣችበት!» ብሎ ቴሌቪዥንና የምስክር ወረቀት ሸለመው። አዳራሹ አጨበጨበ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ቴሌቪዥን ለምን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም።

በተከታዩ ክረምት መግቢያ ላይ ልየው ቀጨሞን ለመጎብኘት ተነሣ። ጠዋት ሲሻገር ሰንሰል የመኪናውን ጎማ በቅጡ አልሸፈነም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ደረሰና ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ሞላ። ስልኩም ኔትወርክ አጣ። ሾፌሩ ወንዙ ዳር ደርሶ ተመለሰና፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ቀርቷል። ይህ ወንዝ እንዲህ ሲሞላ ደግሞ ቶሎ አይጎድልም» አለው።

ልየው ሲጎበኝ ከዋለበት ማሳ ማደሪያ ፍለጋ ወደ መንደሩ ሲመለስ የጤና ጣቢያው ግቢ በሰው ተሞልቶ አገኘው። ሰዉ በረንዳው ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ በየጥጉ ተኝቷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር የሺሐረግ እጅጌዋን ሰብስባ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሮጣለች።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው?» አላት።

«አተት ነው» አለች ሳትቆም። «ጎርፍ ምንጩ ውስጥ ገባ። የያዝኩት ግሉኮስም ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም አልቆብኛል። ትናንት አንድ አባት ሞተውብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?»

ሲስተር የሺሐረግ አሁን ቆመች። ቀና ብላ አየችው። «ጠይቄያለሁ እኮ። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ደጋግሜ ደውያለሁ። ጸሐፊዎ ‹ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ተራሽን ጠብቂ› አለችኝ።»

ልየው ያን ስብሰባ ያስታውሰዋል። የዘንድሮ ተሸላሚዎችን የሚመርጡበት ስብሰባ ነበር። 

«መጋዘኑስ?» አለ።

«መጋዘኑ ሙሉ ነው። እኔ ለምኜ ሰልችቶኛል፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሩ።»

ልየው በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ መጋዘኑ ዘንድ ደረሰ። ይርሳው በሩን ተደግፎ ቆሟል። መንደርተኛው ከፊቱ ተሰብስቦ አንዱ ይለምነዋል፣ ሌላው ይረግመዋል። አስተዳዳሪው ሲመጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። የሁሉም ፊት በራ።

«ይርሳው፣ በል ክፈት» አለ ልየው።

ይርሳው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እሺ ጌታዬ። ደብዳቤው የታለ?»

«የምን ደብዳቤ? እኔ እኮ ነኝ!»

«እርስዎ መሆንዎንማ አላጣሁትም። ግን ‹እኔ ራሴ መጥቼ በቃል ባዝህ እንኳ እንዳትከፍት› ብለውኛል።»

ልየው ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አወጣና በጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ ፈረመበትም። ይርሳው ተቀብሎ አነበበውና በሁለት እጁ መለሰለት። «ማኅተም የለውም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልየው ሳያስበው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የመሳቢያው ቁልፍ እዚያው አለ። ማኅተሙ ግን ከወንዙ ወዲያ፣ እርሱ ብቻ ሊከፍተው በሚችለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰው እያየው መሆኑን አወቀና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባርርሃለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ይርሳው ከበሩ አልተነቃነቀም። «ጌታዬ፣ ጥሩወርቅ ከፈተች፤ ተባረረች። እኔ አልከፈትኩም፤ ተጨበጨበልኝ። አሁን ደግሞ ባለመክፈቴ ሊያባርሩኝ ነው። ብከፍትና ነገ ኦዲት ቢመጣ ያው ነው። እንግዲህ እኔ በየትኛው ልባረር?»

 አንድ ገበሬ ልጁን በጀርባው አዝሎ ከፊት ቆሟል፤ የልጅቱ አንገት ወደ ጎን ወድቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ልየው ልጅቱን አየ፣ ይርሳውን አየ። ሊጮህ አፉን ከፈተና ተወው። ከፊቱ የቆመው ሰው ጨካኝ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ያስተማረውን የሚያደርግ ሰው ነው። ይህን ዘበኛ የሠራው እርሱ ነው፤ በፍርሃት ጀመረው፣ በጭብጨባ ጨረሰው።

ወደ ይርሳው ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይርሳው፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለው።

«ስለ ምኑ ጌታዬ?»

«ስለዚህ ነገር። ቁልፉ በአንተ እጅ ነው፤ ልጅቱንም ታያታለህ። የእኔን ትእዛዝ ተወው። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ይርሳው የሚፌዝበት መስሎት ፊቱን መረመረው። እንዳልሆነ ሲያውቅ ዓይኑ ዕንባ ሞላ። «እኔማ...» አለ፤ «እኔማ የጠየቀኝ ሰው ባገኝ ገና ሽማግሌው ሳይሞቱ ከፍቼው ነበር።» ንግግሩን ሳይጨርስ ቁልፉን አዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልየው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ሲስተር የሺሐረግ መምህራኑን ጠርታ ንጥረ ነገር መበጥበጥ አሳየቻቸውና በየቤቱ አሰማራቻቸው። ይርሳው ማን ምን እንደወሰደ በቃሉ እየያዘ ያድላል። ሽማግሌዎች ምንጩን አስከለከሉ። ሴቶች ውሃ አፈሉ። አስተዳዳሪውን ፈቃድ የጠየቀው ማንም አልነበረም። አንዲት ሴት ባዶ ጄሪካን አስጨበጠችውና፣ «ቆመህ ከምትቀር ይህን ሙላና አምጣ» አለችው። ልየው ሄዶ ሞላ።

ልጅቱ ዳነች። ሌሎቹም ዳኑ። የሞቱት አባት ግን አልተመለሱም። ልየው ለቅሷቸው ቤት ተቀምጦ እዝን አደረሰ፤ ሲወጣም ለባለቤታቸው ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ፣ «እማማ፣ ስልኩን ያላነሣሁት እኔ ነኝ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲህ ለሌላው አንሣ ልጄ» አሉት።

ወንዙ ጎድሎ ቢሮው ሲመለስ የሰው ኃይል ኃላፊውን አቶ ፈንታሁንን አስጠራ። ፈንታሁን የቀድሞዎቹን ሁሉ ያየ አሮጌ ሠራተኛ ነው። ልየው ያሰበውን ነገረው። ከእንግዲህ ቀበሌዎች የየራሳቸውን ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ ፈቃድና የሥራ ምደባ እዚያው ያልቃል፤ የአደጋው መጋዘን የሚከፈተው በአካባቢው ሰዎች ውሳኔ ነው። ኮከብ ሠራተኛንም የሚመርጡት የሚገለገሉት ሰዎችና የሥራ ባልደረቦቹ ይሆናሉ። ሽልማቱ ምን እንደሚሆን ደግሞ ተሸላሚው ራሱ ይጠየቃል።

«ጌታዬ፣ ይህማ ፍየልን ጎመን ማስጠበቅ ነው» አለ ፈንታሁን።

«እስከ ዛሬ የጠበቅነውን ጎመንማ ማንም ሳይበላው ደርቋል» አለው ልየው።

ነገሩ ግን ሳይውል ሳያድር ተበላሸ። የቀጨሞ ቀበሌ ሊቀመንበር የመጀመሪያውን ቅጥር ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ሰውየው የውሃ ቦኖ ጠባቂ ተብሎ ቀን ሙሉ ከጠላ ቤት አይወጣም። አቤቱታ ወረዳው ድረስ መጣ። ፈንታሁን እየሣቀ፣ «አላልኩዎትም?» አለ። ልየውም ያን ቀን ሥልጣኑን መልሶ ለመሰብሰብ ክፉኛ ቃጣው። ቀጨሞ ወርዶ ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰበሰበና፣ «ምን ይሻላል? እኔ ልሰብስበው ወይስ እናንተ ታስተካክሉታላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

በአተት የሞቱት አባት ባለቤት ከተቀመጡበት ተነሡ። «ልጄ፣ አንተ የሾምከው ሲያጠፋ እኛ አንተን እናማና እንቀመጣለን። ይህን የሾምነው እኛ ነን፤ ማፈሩም የእኛ ነው። ተወን፤ እናስተካክለዋለን» አሉ። ሊቀመንበሩ አቀረቀረ። በዚያው ሜዳ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ የእህቱ ልጅ ተነሥቶ ቅጥሩ እንደገና ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በቀጨሞ በጓዳ የተቀጠረ ሰው የለም።

የሽልማቱም ጊዜ ደረሰ። ሰዉ ሲስተር የሺሐረግን መረጠ። ምን ትፈልጊያለሽ ስትባል፣ ቴሌቪዥንም ወርቅም አልጠየቀችም። «ከተማ ሄጄ ያቋረጥኩትን ትምህርት ልጨርስ፤ ስመለስም እዚሁ መድቡኝ» አለች። ይርሳውንም መረጡት፤ የዚያን ቀን በሩን ስለከፈተ። እርሱ ሲጠየቅ መልሱ ሁሉንም አስገረመ።

«የጥሩወርቅን ወንበር መልሱላት። እኔ ከእርሷ ሥር እሠራለሁ።»

ልየው ራሱ ሄደ፤ ጥሩወርቅን ከገበያ፣ ከበርበሬዋ ፊት አገኛት። ይቅርታ ጠየቃትና ተመለሺ አላት። ጥሩወርቅ በርበሬዋን እያበጠረች፣ «ብመለስም ያው ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ሳልጠይቅ ነው የምከፍተው» አለችው።

«እኔም የመጣሁት ለዚያ ነው» አላት።

ቀጣዩ ክረምት እጅግ ከባድ ነበር። ሰንሰል ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ልየው ቢሮው ተቀምጦ ወንዙን ያዳምጣል። በሩ ላይ ሰልፍ የለም። ማንም አይፈልገውም፤ ወሬም የለም። እንዲህ ያለ ጭንቀት በሕይወቱ አልደረሰበትም። የመወሰን ሸክም ከባድ መስሎት ኖሯል፤ ሌላውን አምኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ከዚያ እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገባው።

ወንዙ እንደጎደለ ተሻገረ። የቀጨሞ ትምህርት ቤት በሰው ተሞልቷል። ጎርፍ የወንዝ ዳሩን መንደር ጠራርጎ ወስዶታል፤ ነዋሪው ግን በሙሉ ቀድሞ ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ሕፃናቱ በረንዳው ላይ ንፍሮ ይበላሉ። ልየው ተደሰተ። ንፍሮውን ጠጋ ብሎ ሲያየው ግን ደነገጠ። ለበጋ መስኖ የተቀመጠው የዘር እህል ነው።

«ዘሩን?» አለ። «ዘሩን ቀቀላችሁት?»

«ሌላው እህል አለቀ» አለች ጥሩወርቅ። «ተማከርን። ዘር የሚዘራው ሰው ሲኖር ነው አልን። ጎርፍ ያልነካው ሁሉ ከየጎታው አዋጥቶ ሊተካ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። ግማሹም ገብቷል፤ ና እይ።»

ልየው ገብቶ አየ። ከየቤቱ የመጣ እህል፣ አንዱ በጆንያ፣ አንዱ በስልቻ፣ አንዱ በእንቅብ ተደርድሯል። ብዙ ቆሞ ተመለከተውና፣ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔን ብትጠይቁኝ አልፈቅድም ነበር» አላት።

«እናውቃለን» አለች ጥሩወርቅ። «ለዚህ ነው ወንዙ ስለሞላ እግዜርን ያመሰገንነው።»

ይርሳው ሣቁን አፉ ላይ ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ከዚያ ልየውም ሣቀ፤ ዕንባው እስኪፈስ ሣቀ። ንፍሮ ሰጡትና ከሕፃናቱ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ በላ።

ወዳጆቼ፣ ልብ በሉ። ሠራተኛ የሸለማችሁትን ይሆንላችኋል። በሩን ስለዘጋ ከሸለማችሁት፣ ሰው ደጁ ላይ ሲሞት እንኳ ዘግቶ ይጠብቃችኋል። ሰውን ስላገለገለ፣ ያገለገላቸው ሰዎች መስክረውለት ከሸለማችሁት ደግሞ፣ እናንተ ባታዩትም ያገለግላል። ሥልጣንም እንዲሁ ነው። በጭብጣችሁ ውስጥ ይዛችሁ ብታቆዩት አይጠፋም፤ ግን አይበቅልም። ብታካፍሉት አንዳንዱ ይበላሻል፤ የተበላሸውን የሚያርመው ግን የራሴ ነው ብሎ የሚያፍርለት ሰው ነው። ማመን ማለትም ሌላው እኛ የምንወስነውን ሲወስን መደሰት አይደለም፤ እኛ የማንወስነውን ሲወስንም እጅን መሰብሰብ ነው።

በምትመሩት ቢሮ፣ ድርጅት ወይም ቤት ውስጥ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ሰዎቻችሁ ምን ያደርጋሉ? በሩን ይከፍታሉ ወይስ እናንተን ይጠብቃሉ?